የልዑል ዝቅ ማለት፤ የሂንዱ መምህራን ስለ አምላክ መውረድ ከሚያስተምሩት ምን እንማራለን?

ታላቅ የሆነ ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ታላቅነቱ ይጐድላልን ወይስ ይገለጣል? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የሰውን ልቡና ሲያስጨንቅ ኖሯል። ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ ከድኃ ጋር በአንድ መሶብ ቢቀርብ፣ በዙሪያው የቆሙት ሹማምንት ያፍሩበታል፤ ድኃው ግን ያን ዕለት እስኪሞት ድረስ አይረሳውም። ሹማምንቱ ክብር ማለት መራቅ መስሏቸዋል፤ ድኃው ግን እውነተኛ ክብር ለመቅረብ የማይፈራ እንደ ሆነ በዓይኑ አይቷል።

እንግዲህ በሰው ዘንድ እንዲህ ከሆነ፣ ስለ ልዑል እግዚአብሔር ምን እንላለን? ከግሪክ ጠቢባን ብዙዎቹ አምላክ ከሥጋ ጋር መገናኘቱን እንደ ውርደት ይቈጥሩት ነበር፤ ስለዚህም የመስቀሉ ስብከት በእነርሱ ዘንድ ሞኝነት ሆኖ መታየቱን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ጽፏል። ከግሪክ ወደ ምሥራቅ አልፈን ወደ ሕንድ አገር ስንሻገር ግን ሌላ ዓይነት አሳብ እናገኛለን። በዚያ አገር ብዙ ሕዝብ የአምላክን መውረድ እንደ ነውር አይቈጥረውም፤ ይልቁንም ከምግባራቱ ሁሉ የሚበልጥ አድርጎ ያመሰግነዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ በሂንዱ ሃይማኖት ቪሽኑን የሚያመልኩ ሰዎች፣ ወረደ ስለሚሉት አምላክ የሚናገሯቸው ምግባራት ምን ምን ናቸው? ከእኛ እምነት ጋር የሚገናኙት በምን ነው? የሚለያዩትስ በምን ነው?

ስለ ሌላው እምነት መናገራችን ስለ ምንድን ነው

«የራሳችንን ትምህርት አውቀን ሳንጨርስ የሌላውን ሕዝብ እምነት ለምን እንመረምራለን?» የሚሉን አንባብያን አይጠፉም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና በገባ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ አላለፈም፤ መሠዊያዎቻቸውን ተመለከተ፤ በላያቸው የተጻፈውንም አነበበ፤ ከዚያ በኋላ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ካነበበው ተነሥቶ አስተማረ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ቃለ እግዚአብሔር በአሕዛብ ጠቢባን ልቡና ውስጥ ዘሩን እንደ ዘራ፣ ፍጹም ሆኖ የተገለጠው ግን በክርስቶስ ብቻ እንደ ሆነ አስተምሯል።

የአገራችን አባቶችም ከዚህ መንገድ አልወጡም። ከየመን መጥተው በኢትዮጵያ ክርስትናን የተቀበሉትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቁት አባ እንባቆም፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1553 ዓ.ም. የበረላምና የየዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። የዚያ መጽሐፍ ታሪክ በመሠረቱ በሕንድ አገር ስለ ቡድሃ ሕይወት ይነገር የነበረው ታሪክ እንደ ሆነ፣ በብዙ ቋንቋዎች እየተላለፈና በክርስቲያኖች እጅ እየታረመ ወደ እኛ እንደ ደረሰ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ስለዚህ ከሕንድ የመነጨ አሳብ በወንጌል ወንፊት ተነፍቶ የመነኮሳቶቻችን ምግብ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ከዚህም በላይ አስቸኳይ ምክንያት አለን። በሕንድ አገር በቅዱስ ቶማስ ስብከት ተመሠረተች የምትባለው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በእምነት እኅታችን ናት፤ በጥር ወር 1957 ዓ.ም. አባቶቿ በአዲስ አበባ በተደረገው የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ከአባቶቻችን ጋር ተቀምጠዋል። እርሷ በሂንዱዎች መካከል የኖረችው ለብዙ ምዕት ዓመታት ነው። ዛሬ ደግሞ በዐረብ አገሮች ለሥራ የሄዱት ልጆቻችን ከሕንድ ሰዎች ጋር በአንድ ቤት ያገለግላሉ፤ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። በዚያም «የእናንተ አምላክ አንድ ጊዜ ወረደ፤ የእኛ ግን ብዙ ጊዜ ወርዷል፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብላቸው መልሱን ከማን ያገኛሉ? ካህኑ ካላወቀው ምእመኑ ከወዴት ያመጣዋል? ሳያውቁ መስደብ ቀላል ነው፤ ሳያውቁ መቀላቀልም ቀላል ነው፤ አውቆ መለየት ግን ድካም ይጠይቃል።

አቫታራ ማለት ምን ማለት ነው

«አቫታራ» የሚለው ቃል በሕንዶች ጥንታዊ ቋንቋ በሳንስክሪት መውረድ ማለት ነው። የቪሽኑ አምላኪዎች ዓለሙን የሚጠብቀው ጌታ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልክ እየያዘ ይወርዳል ብለው ያምናሉ። በታወቀው አቈጣጠር ዋና ዋናዎቹ ውርደቶች 10 ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በዓሣ፣ በኤሊ፣ በእርያ መልክ ሲሆኑ ከሌሎቹ ብዙዎቹ በሰው መልክ ናቸው፤ አሥረኛው ገና ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ከሁሉም ይልቅ የሚወደዱትና የሚመለኩት ራማና ክሪሽና ናቸው።

የመውረዱም ምክንያት ባጋቫድ ጊታ በተባለው መጽሐፋቸው በአራተኛው ምዕራፍ ተነግሯል። ይኸውም ጽድቅ ሲደክምና ዐመፅ ሲበረታ ጌታው ደጋጎችን ለመጠበቅ፣ ክፉዎችን ለማጥፋት፣ ሕግንም መልሶ ለማቆም ከዘመን ወደ ዘመን ይገለጣል የሚል ነው። ይህንን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስለ ራማ የሚነገረው ምግባር

የራማን ታሪክ የሚናገረው ራማያና የተባለው ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ደራሲውም ቫልሚኪ እንደ ሆነ ይነገራል። መጽሐፉ 24,000 ያህል አንጓዎች አሉት። አጀማመሩ የሚያስደንቅ ነው፤ የጦርነት ወሬ ወይም የትውልድ ቈጠራ አያስቀድምም፤ በጥያቄ ይጀምራል። ቫልሚኪ ናራዳ የተባለውን ባሕታዊ ሲጠይቀው፣ በዚህ ዓለም በእውነት መልካም የሆነ ሰው ማን ነው ይላል፤ ኃይል ያለው፣ ሕግን የሚያውቅ፣ የተደረገለትን የማይረሳ፣ እውነትን የሚናገር፣ በቃሉ የሚጸና፣ ለፍጥረት ሁሉ በጎ የሚያስብ፣ ቁጣውን ያሸነፈ፣ ቅናት የሌለበት ማን ነው እያለ ይዘረዝራል። መምህራኖቻቸው እነዚህን 16 ምግባራት ብለው ይቈጥሯቸዋል። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ አንድ ስም ነው፤ እርሱም ራማ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ራማ የአዮድያ ንጉሥ የዳሻራታ በኵር ልጅ ነው። ዘውድ ሊጭን በተዘጋጀ ጊዜ የእንጀራ እናቱ ካይኬዪ ንጉሡ ቀድሞ የገባላትን ሁለት ስእለት አስታውሳ የራሷ ልጅ ባራታ እንዲነግሥ፣ ራማም 14 ዓመት ወደ ዱር እንዲሰደድ ትጠይቃለች። አባቱ በሐዘን ተይዞ መናገር ባቃተው ጊዜ ራማ የአባቱ ቃል ሐሰት እንዳይሆን ብሎ ስደቱን በፈቃዱ ይቀበላል፤ ዘውድን ሲጠብቅ የነበረው ፊቱ ስደትን ሲሰማ አልተለወጠም ይላሉ። ወንድሙ ባራታም በበኩሉ መንግሥቱን አልቀበልም ብሎ የራማን ጫማ በዙፋኑ ላይ አኑሮ በእርሱ ስም ይጠብቃል። እንግዲህ በሥልጣን ምክንያት ወንድም ወንድሙን በሚገድልበት ዓለም፣ ሁለት ወንድማማች ዙፋኑን አንዱ ለሌላው ሲተዉ መስማት ለማንም ጆሮ በጎ ነው።

በስደቱም መንገድ የራማ ጠባይ ይበልጥ ይገለጣል። በጋንጋ ወንዝ ዳር ጉሃ የተባለ ከከበሩት ወገኖች የማይቈጠር የአዳኞች አለቃ ሲቀበለው፣ ራማ እንደ ወዳጅ አቅፎ ያነጋግረዋል። ሻባሪ የተባለች የዱር ባሕታዊት አሮጊት መምጣቱን ስትጠብቅ ኖራ የዱር ፍሬ ባቀረበችለት ጊዜ ከእጇ ይቀበላል። ሚስቱን ሲታን ራቫና የተባለው የላንካ ንጉሥ በጠለፋት ጊዜ ሊያድናት ተዋግቶ የቈሰለውን ጃታዩ የተባለ አሞራ፣ እንደ አባቱ ቈጥሮ አልቅሶለት ሥርዓተ ቀብሩን ይፈጽምለታል። የጠላቱ የራቫና ወንድም ቪቢሻና ከድቶ በመጣ ጊዜም አማካሪዎቹ «ሰላይ ነው፤ አትቀበለው» ሲሉት፣ ራማ የመለሰው መልስ በአምላኪዎቹ ዘንድ ከሁሉ የሚከብር ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ «የአንተ ነኝ» ብሎ የሚለምነውን ሁሉ ከማናቸውም ፍርሃት ሊጠብቅ መማሉን፣ ራቫና ራሱ ቢመጣም እንኳ እንደማይመልሰው ይናገራል።

ከፍታና ቅርበት

እነዚህን ታሪኮች ሰብስበው ወደ ትምህርት የለወጧቸው የደቡብ ሕንድ መምህራን ናቸው። ከእነርሱም የሚበልጠው ራማኑጃ ነው፤ በትውፊት አቈጣጠር ከ1017 እስከ 1137 እንደ አውሮፓ ዘመን ኖረ ይባላል፤ በሽሪራንጋም ቤተ መቅደስም አስተማረ። ከእርሱ በፊት በታሚል ቋንቋ የዘመሩ አልቫር የሚባሉ 12 ባለ ቅኔዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም አንዷ አንዳል የምትባል ሴት ናት።

ራማኑጃ ስለ አምላኩ ሲናገር ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። አንደኛው ከፍታ ነው፤ አምላክ ከሁሉ በላይ ነው፤ ወሰን የለውም፤ ዓለሙ ሁሉ በእርሱ ይቆማል። ሁለተኛው ቅርበት ነው፤ ይህ ከፍ ያለው ጌታ በቀላሉ የሚገኝ ነው። ለዚህም ሁለተኛ ነገር «ሳውላብያ» የሚል ቃል አላቸው፤ ትርጓሜውም በቀላሉ መገኘት፣ ለሁሉ ክፍት መሆን ማለት ነው። ከዚህ ጋር «ሳውሺልያ» የሚሉት አለ፤ ይህም ታላቁ ከታናሹ ጋር ሲቀላቀል፣ ታናሹ ታናሽነቱን እስኪረሳ ድረስ መቀላቀል ነው። ራማ ጉሃን ያቀፈው እንዲህ ነው ይላሉ፤ እጁን ዘርግቶ ቢመጸውተው ኖሮ ጉሃ ድኅነቱን ያስታውስ ነበር፤ ባቀፈው ጊዜ ግን ወዳጅነቱን ብቻ አስታወሰ።

የመምህራኑም ክርክር ይህ ነው፤ ከፍታ ብቻ ያለው ቢመሰገን እንጂ አይቀረብም፤ ቅርበት ብቻ ያለው ቢወደድ እንጂ አያድንም። ለምስጋና የሚገባው ሁለቱን ያስተባበረ ነው። ስለ ክሪሽና የሚናገሩትም በዚሁ መንገድ ነው። ሕፃን ሳለ ያስቸገራት አሳዳጊው ያሾዳ በገመድ ልታስረው ብትሞክር ገመዱ ሁልጊዜ በሁለት ጣት እያጠረ አስቸገራት፤ ደክማ ባየ ጊዜ ግን ራሱ ፈቅዶ ታሰረላት ይላሉ። በታላቅ የመሥዋዕት በዓልም ነገሥታት ሁሉ ተሰብስበው ሳለ እርሱ የእንግዶችን እግር የማጠብን ሥራ መረጠ፤ በጦርነቱም ጊዜ የወዳጁ የአርጁና ሠረገላ ነጂ ሆነ። ቀድሞ ማድራስ ትባል በነበረችው በቼናይ ከተማ ትሪፕሊኬን በተባለ ሰፈር ለዚህ ሠረገላ ነጂ የቆመ ቤተ መቅደስ አለ፤ በበዓል ቀን የሚወጣው ምስል ፊት ላይም የፍላጻ ጠባሳ ይታያል፤ ለወዳጁ ሲል የተቀበለው ቍስል ነው ይላሉ።

ጸሎተ ሐሙስ ወንበር ላይ ተቀምጠን እግራችንን ለካህን የምንሰጥ ሰዎች፣ እግር ስለሚያጥብ ጌታና ስለ ጠባሳ ስንሰማ ልባችን ሳይነካ አይቀርም። መነካታችን አያሳፍርም። የሰው ነፍስ በየትም አገር ብትሆን የምትጠማው አንድ ውኃ ነውና፤ የጥማቱ መመሳሰል ግን ምንጩ ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም።

የላሚቱ ምሳሌ

ከሚዘረዝሯቸው ምግባራት ሁሉ ለእኛ ለገበሬ ልጆች ይበልጥ የሚገባን «ቫትሳልያ» የሚሉት ነው። ቃሉ የወጣው ጥጃ ከሚለው ስም ነው፤ ላም አዲስ ለወለደችው ጥጃ የሚኖራት ፍቅር ማለት ነው። ላሚቱ ጥጃዋን ስትወልድ ከነእድፉ ነው፤ እርሷ ግን አትጸየፈውም፤ በምላሷ ትልሰዋለች። አምላክም ኃጢአተኛውን እንዲህ ይቀበለዋል ይላሉ።

በዚህ ምሳሌ ላይ መምህራኑ ራሳቸው ተከራክረዋል። በደቡብ ሕንድ ከራማኑጃ በኋላ ተከታዮቹ በሁለት ወገን ተከፍለው አንደኛው ወገን፣ ላሚቱ እድፉን እንደምትወደው ሁሉ አምላክም በወደደው ሰው ላይ ያለውን ጉድለት እንኳ ይወደዋል አለ። ሁለተኛው ወገን ግን፣ አምላክ ጉድለቱን እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል እንጂ አይወደውም አለ። ስለ ጸጋና ስለ ሰው ጥረትም እንዲሁ ተከራከሩ፤ አንደኛው ወገን ነፍስ እናቷ በአፏ አንጠልጥላ እንደምትወስዳት የድመት ግልገል ናት ሲል፣ ሌላው ወገን እናቷን በእጇ አጥብቃ እንደምትይዝ የዝንጀሮ ግልገል ናት ይላል።

እኛ ይህንን ክርክር ስናይ አንድ ነገር እናስተውላለን። ላሚቱ ጥጃዋን የምትልሰው እድፉን ወዳ አይደለም፤ እንዳላየችው ሆናም አይደለም። አይታው ነው፤ ልታጠራው ነው። ለጥጃው ያላት ፍቅርና ለእድፉ ያላት ትዕግሥት የሚገናኙት በምላሷ ሥራ ላይ ነው። የንስሐ አባት ፍቅርም እንዲህ መሆን ይገባዋል፤ የልጁን ኃጢአት የሚወድ አባት የለም፤ ኃጢአቱን እንዳላየ የሚሆን አባትም ልጁን በእድፉ ይተወዋል። አባቶቻችን «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» ይላሉ። የእግዚአብሔር ፍቅር ግን ከዚች ላም ይበልጣል፤ እሳት የሆነብንን ኃጢአታችንን እየፈጀውም ቢሆን ያልተወን እርሱ ነውና። ይህንን ያየነው በቀራንዮ ነው።

ሕሊና የሚጠይቀው

ስለ ወራጁ አምላክ የሚነገረው ሁሉ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ሕሊናን የሚያስጨንቅም አለበት። ራማ ቫሊ የተባለውን የዝንጀሮች ንጉሥ ከሌላ ጋር ሲታገል ሳለ ተሸሽጎ በፍላጻ ወጋው ይላል። ቫሊም ሲሞት ረዥም ወቀሳ ይወቅሰዋል። ሲታ ከምርኮ ከተመለሰች በኋላም ንጽሕናዋ በእሳት እንዲፈተን ሆነ፤ በመጨረሻው ክፍል ደግሞ በሕዝብ ሐሜት ምክንያት ነፍሰ ጡር ሳለች ወደ ዱር ተሰደደች ይላል። እነዚህን ታሪኮች እኛ ለነቀፋ ፈልገን ያወጣናቸው አይደሉም፤ የሕንድ ሰዎች ራሳቸው ለብዙ ዘመን ሲያለቅሱባቸው ኖረዋል። በስምንተኛው ምዕት ዓመት የነበረው ባቫቡቲ የተባለው ባለ ቅኔ ስለ ሲታ መሰደድ በደረሰው ተውኔት፣ ራማን ራሱን በጸጸት ሲቃጠል አሳይቶታል። ብዙ ሊቃውንትም ያ የመጨረሻው ክፍል ኋላ የተጨመረ ነው ይላሉ።

ይህ ምን ያስተምረናል? ሰው በሕሊናው የተጻፈ ሕግ ስላለው፣ አምላክ ነው ብሎ የሚያመልከውን እንኳ በዚያ ሕግ ይመዝናል። ፍጹም ምግባርን ይፈልጋል፤ ጥቂት ጉድለት ባየ ጊዜ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። የቫልሚኪ የመጀመሪያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልቆመም፤ በእውነት መልካም የሆነ ማን ነው? እኛ ክርስቲያኖች ለዚህ ጥያቄ መልስ አለን ስንል፣ ከጠላቶቹ መካከል ቆሞ ስለ ኃጢአት የሚወቅሰኝ ማን ነው ብሎ የጠየቀውንና አንድም መልስ ያልተገኘለትን ጌታ እናመለክታለን።

መውረድና ሰው መሆን

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። ልዩነቱ በቍጥር ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እነርሱ 10 ይላሉ፣ እኛ አንድ እንላለን። ነገሩ ግን ከቍጥር ይጠልቃል።

መጀመሪያው የሥጋ ነገር ነው። ራማኑጃ የወረደው አምላክ የሚይዘው አካል እንደ እኛ ሥጋ ከምድራዊ ባሕርይ የተገኘ አይደለም፤ ከንጹሕ ሰማያዊ ባሕርይ የሆነ ነው ብሎ አስተምሯል። ይህንንም ያለው የአምላክን ክብር ለመጠበቅ ነው። እኛም በቤታችን እንዲህ ያለ ክብር ጠባቂ አይተናል፤ ክርስቶስ የታየው በምትሐት ነው ያሉት ነበሩ፤ አውጣኪም ሥጋው በመለኮት ተውጦ ጠፋ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉንም አውግዛለች። የእኛ እምነት ቃል ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነፍስን ነሥቶ፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት በተዋሕዶ ሰው ሆነ የሚል ነው። ተራበ ስንል በእውነት ተራበ ማለታችን ነው፤ ሞተ ስንል በእውነት ሞተ ማለታችን ነው። አምላክ ሥጋችንን ካልወሰደ ሥጋችን አልዳነም። ስለዚህ እኛ የምንለው ወረደ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሆነ ነው። የወረደ ተመልሶ ይወጣል፤ ቃል ግን የተዋሐደውን ሥጋ አልተወውም፤ በአብ ቀኝ ያለው ከዚሁ ከሥጋችን ጋር ነው።

ሁለተኛው የምክንያት ነገር ነው። ከላይ እንዳልነው አቫታራ የሚወርደው ደጋጎችን ለመጠበቅና ክፉዎችን ለማጥፋት ነው። እርግጥ መምህራኑ በአምላክ እጅ የሞተ ጠላት እንኳ ምሕረት ያገኛል ብለው ያስተምራሉ፤ ክሪሽና የገደለው ሺሹፓላ ወደ እርሱ ገባ የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ምሕረት የሚያገኘው ጠላት የተገደለው ነው፤ በእኛ ወንጌል ግን የተገደለው የምሕረቱ ባለቤት ነው። ጌታችን ደጋጎችን ከክፉዎች ሊለይ ሰይፍ ይዞ አልመጣም፤ ደግ ሆኖ ያገኘው ማንም አልነበረምና፤ እኛ ገና ጠላቶቹ ሳለን ስለ እኛ መሞቱን ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ጽፏል።

ሦስተኛው የዘመን ነገር ነው። ከዘመን ወደ ዘመን የሚደጋገም መውረድ ምንጊዜም ሥራውን አይጨርስም፤ ዐመፅ ተመልሶ ይበረታል፤ እርሱም ተመልሶ መውረድ ያስፈልገዋል። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት ግን የክርስቶስ መሥዋዕት አንድ ጊዜ የተፈጸመ፣ ለዘላለምም የሚበቃ መሆኑን ያስተምረናል። አንድ መሆኑ ማነሱ አይደለም፤ ፍጻሜ ማግኘቱ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ጥያቄ

እዚህ ላይ ብናቆም ጽሑፋችን ለክርክር የተዘጋጀ መሣሪያ ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ፣ ወደ ራሳችን የሚዞር ጥያቄ አለ።

ስለ ራማኑጃ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ከአንድ መምህር ዘንድ የመዳንን ምሥጢር የሆነ ጸሎት ሊማር 18 ጊዜ ተመላለሰ ይባላል። በመጨረሻ መምህሩ «ለማንም አትግለጥ፤ ብትገልጥ ትኰነናለህ» ብሎ አስተማረው። ራማኑጃ ግን ወደ ቤተ መቅደሱ ግንብ ወጥቶ ምሥጢሩን ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ጮኾ ነገረ። መምህሩ ተቈጥቶ በጠየቀው ጊዜም፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ከዳነ የእኔ የአንዱ መኰነን ምን ያህል ነው ብሎ መለሰለት ይላሉ። ታሪኩን ስንሰማ፣ ስለ ወገኖቹ ራሱ ከክርስቶስ እስኪለይ ድረስ የተመኘውን ቅዱስ ጳውሎስን፣ ስለ ሕዝቡ ከሕይወት መጽሐፍ ልደምሰስ ያለውንም ሙሴን እናስባለን።

ያ ሰው አምላክ በቀላሉ ይገኛል ብሎ ያስተማረውን ትምህርት በራሱ ላይ ሠራበት። እኛስ? የእኛ ትምህርት ከእርሱ ትምህርት ይበልጣል ብለናል፤ ልዩነቱንም አሳይተናል። ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ ፍሬውም መለየት አለበት። አምላክ በሥጋችን ሰው ሆነ የምንል ሰዎች፣ ሰው ሊያገኘን ስንት ደጅ ማለፍ አለበት? ድኃ ምእመን የንስሐ አባቱን ፈልጎ በተመላለሰ ጊዜ ስንት ቀን ይቈያል? ለባለጠጋው የሚከፈተው በር ለአገልጋይቱ በዚያው ፍጥነት ይከፈታልን? መጽሐፍን ያወቀው ሊቅ ያላወቀውን ሲያስተምር፣ ታናሹ ታናሽነቱን እንዲረሳ አድርጎ ያስተምራልን ወይስ በየቃሉ ያስታውሰዋል? ከማኅበረሰቡ ተንቀው፣ በሙያቸው ምክንያት በመጥፎ ስም ሲጠሩ የኖሩት ወገኖቻችን በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ እንደ ጉሃ ታቅፈዋልን?

ይህ ወቀሳ ለካህናት ብቻ የሚነገር አይደለም። የቤት እመቤት ለሠራተኛዋ፣ አሠሪ ለተቀጣሪው፣ የተማረው ልጅ ላልተማረው አባቱ፣ ሁሉም በየመጠኑ ታላቅ ነውና ሁሉም በየመጠኑ ዝቅ ለማለት ተጠርቷል። ዝቅ ማለት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሰገነት ላይ ሆኖ እጅን ወደ ታች መዘርጋት ነው፤ ይህ ምጽዋት ይባላል፤ መልካም ነው። ሁለተኛው ከሰገነቱ ወርዶ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ጌታችን ያደረገው ሁለተኛውን ነው። ያለ እርሱ የመጀመሪያው ዘወትር ትዕቢት የሚያድርበት ይሆናል።

በፍርድ ቀን ሌላው ሕዝብ ከትምህርቱ ያነሰ ሕይወት ቢኖረው የሚጠየቀው ባወቀው መጠን ነው። እኛ ግን የተሰጠን ብዙ ስለ ሆነ ብዙ ይፈለግብናል። ቃል ሥጋ መሆኑን የምናምን ሆነን ሳለ በኑሯችን ከሰው የራቅን ብንሆን፣ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ስለ ቅርበት ያሰቡት አሳብ ምስክር ሆኖ ይቆምብናል። የነነዌ ሰዎችና የአዜብ ንግሥት በዚያ ትውልድ ላይ ለፍርድ እንደሚነሡ ጌታችን ያስጠነቀቀው እንዲህ ላለው ነገር ነውና።

ስለዚህ ልጆቻችን በባዕድ አገር «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ መልሱን በቃል ብቻ ሳይሆን በሕይወት እንዲሰጡ እናስተምራቸው። በቃል፣ «የእኛ ጌታ ወርዶ አልተመለሰም፤ ሰው ሆነ፤ ስለ ጠላቶቹም ሞተ» ይበሉ። በሕይወት ደግሞ፣ አብረዋቸው የሚሠሩት ሰዎች ሲታመሙ ይጠይቋቸው፤ ሲያዝኑ አጠገባቸው ይቀመጡ። እኛም በአገራችን ይህንኑ እናድርግ። ያን ጊዜ ታላቅ ሰው ዝቅ ሲል ታላቅነቱ ይገለጣል እንጂ አይጐድልም ብለን የምንሰብከው ስብከት፣ በዓይን የሚታይ ምስክር ያገኛል።

ስለ እኛ ራሱን ዝቅ ያደረገ፣ ሥጋችንን ተዋሕዶ በአብ ቀኝ ያከበረው ጌታችን ትሕትናን ከማስተዋል ጋር ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።